ካስኩ የፈነዳ ቅዳሜ

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አንዲት ሴት ወደ እማዬ ፀጉር ቤት ገባች። ነጠላዋን እስከ ቅንድቧ አውርዳለች። የገበያ ጭቃ የያዘ የላስቲክ ጫማዋን በሩ ላይ አወለቀችና ማንንም ሳታይ ቀጥ ብላ ወደ ጥጉ ግድግዳ ሄደች። እዚያ፣ ከሶኬቱ በላይ፣ መዳፍ የምታህል ጥቁር የጢስ ምልክት አለች። ቤቱ ሁለት ጊዜ ቀለም ሲቀባ እማዬ ቀቢውን "እሷን እንዳትነካት" እያለች ያስተረፈቻት ናት። ሴትየዋ በጣቷ ዳሰሰቻትና ፊቷን ሳትመልስ፣ "ይቺ ነገር አሁንም አለች?" አለች። ማበጠሪያው ከእማዬ እጅ ወደቀ። እኔ መጀመሪያ አላወቅኋትም ነበር። ነጠላዋ ሸርተት ሲል ግን ከግራ ጆሮዋ ሥር ምስር የምታክለውን የቃጠሎ ጠባሳ አየሁና ትርንጎ መሆኗን አወቅሁ። ሙሽራዋ ትርንጎ። ወዲያው የተቃጠለ ፕላስቲክና የተለበለበ ፀጉር ሽታ አፍንጫዬን ሞላው፤ ቤቱ ውስጥ የሚቃጠል ነገር ሳይኖር።

ያኔ እኔ ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ። ዓመተ ምሕረቱን የፈለገ ይቁጠረው፤ እኔ ዘመኑን የማውቀው በነገሩ ነው። ጠባብ ጂንስ ላይ አጭር ቀሚስ መደረብ የሥልጣኔ ጫፍ የነበረበት ዘመን ነው። ሮዝ የኮንጎ ጫማ ያላት ልጅ በክፍል ውስጥ እንደ ልዕልት ትታይ ነበር፤ የእኔ ቡኒ ነበር፣ ያውም የእህቴ። ስልክ ማለት ባለ ቁልፉ፣ ክዳኑ በላስቲክ የሚታሰረው ነው። ገበያ የወረደ ገበሬ ሁለት ብር ከፍሎ ሱቅ ውስጥ ቻርጅ ላይ ይሰካውና ገብሱን ሸጦ ሲመለስ ይነቅለዋል፤ አንዳንዱ ስልኩን ትቶ መሄዱን ፈርቶ ቀኑን ሙሉ ባንኮኒው ላይ ተደግፎ ይጠብቀዋል። ወደ ሊማሊሞ የሚወርደው መንገድ መታጠፊያ ላይ የካሴት ቤት ነበር፤ ካሴት መሸጥ ካቆመ ቆይቶ ፍላሽ ላይ ዘፈን የሚጭን ቢሆንም ስሙ ካሴት ቤት ነው። ሙሉ ግንቦትን የሠርግ ዘፈን ሲያስጮህ፣ ረዳቶቹ "ዳባት! ዳባት! ዳባት!" ሲሉ፣ ከአዲ አርቃይ ሽቅብ የመጣ አይሱዙ የቆላውን ማንጎና የቆላውን አቧራ ይዞ ሲቆም፣ የእማዬ በራፍ ላይ ቆሜ ሁሉንም አንድ ላይ አዳምጥ ነበር። አሁን እዚያው ቦታ የሞባይል ጥገና ቤት ተከፍቷል፤ ልጆቹም ዘፈኑን በየጆሯቸው ሰክተው ነው የሚሰሙት።

እማዬ፣ አስካለ፣ የዚያን ጊዜ ሦስት ትልልቅ መስታወት፣ አንድ ቴሌቪዥንና አንድ ካስክ ነበሯት። ካስክ ማለት ያ የሞተረኛ ቆብ የመሰለው ፀጉር ማድረቂያ ነው። ከጎንደር የመጣ አሮጌ ስለነበር በቀኝ ወገኑ ብቻ ነበር የሚያሞቀው። ስለዚህ ደንበኛዋ ቀኟ ሲደርቅላት እማዬ "ተገልበጪ" ትላታለች፤ ሴትየዋም ወንበሩን አዙራ ፊቷን ለግድግዳ ሰጥታ ግራዋን ታደርቃለች። ደባርቅ ውስጥ ፊቷን ለግድግዳ ሰጥታ ያላማች ሴት አልነበረችም። ቴሌቪዥኑ ላይ በአማርኛ የተተረጎመው የቱርክ ድራማ ሲጀምር ግን ለግድግዳ የተዞሩት ያዝናሉ፤ ሌሎቹ "አሁን ሳመችው፣ አሁን በጥፊ አለችው" እያሉ ይነግሯቸዋል። ከቴሌቪዥኑ ሥር መርፌው የሚወዛወዝ ስታብላይዘር ተቀምጧል። እማዬ "ዘበኛዬ" ነበር የምትለው። ዘበኛው ካለ መብራቱ ቢዘል ቢወርድ እሷ ግድ አልነበራትም። ቴሌቪዥን ማጥፋት ደግሞ ለእኛ በሪሞት መጫን ነበር። ሶኬት የሚነቅል ሰው ካለ ቤት የሚለቅ ሰው ነው።

መብረቅን በተመለከተ ግን ደባርቅ የራሷ ሕግ ነበራት። ነጎድጓዱ ከሰሜን ገደሎች ሲነሣ አንድ ጊዜ አይጮህም፤ ገደል ለገደል እየተቀባበለው፣ እያደገ፣ እየቀረበ ነው የሚመጣው። ተራራው ላይ፣ ጊች፣ አንድ መንጋ በግ በቆመበት ተመቶ አመሻሽ ላይ እንደ ድንጋይ ተበትኖ እንደተገኘ እየሰማን ነው ያደግነው። እና ሰማዩ ሲጠቁር ሁሉም ቤት መጀመሪያ የሚያደርገው አንድ ነገር ነበር፦ መስታወት መሸፈን። መብረቅ የሚያብለጨልጭ ነገር ይወዳል፣ መልኩን ሊያይ ይመጣል ይባላል። ከዚያ ቢላዋና መቀስ ወደ ውጭ ይወረወራል። ቀይ የለበሰ ያወልቃል። ሦስት ትልልቅ መስታወት ባለበት ፀጉር ቤት ውስጥ ዝናብ ያገኘው ሰው ምን ያህል እንደሚፈራ ከዚህ ገምቱ።

ትርንጎ የሠርጓ ዋዜማ ቅዳሜ መጣች። ያደገችው የካህናት ቤት ነው፤ አባቷ መሪጌታ ነበሩ፣ እሳቸው ሲያርፉ አክስቷ እማሆይ ወለተ ሥላሴ ናቸው ያሳደጓት። ነገ በተክሊል የምታገባው የአምቢኮ መንደር ዲያቆን ነው፤ ቆይቶ ቅስና ይቀበላል፣ እሷም የቄስ ሚስት ሆና ፀጉሯን ለዘለዓለሙ በሻሽ ትጠቀልላለች። ስለዚህ ትርንጎ አንድ ነገር ብቻ ለመነች። እስከዚያ ድረስ በሕይወቷ ሹሩባ እንጂ ሌላ አይታ አታውቅምና፣ አንድ ቀን፣ ለሠርጓ ቀን ብቻ፣ ፀጉሯ ተጠቅልሎ ትከሻዋ ላይ ሲፈስ ማየት። እማሆይ ሳምንት ሙሉ እምቢ ብለው ነበር። በመጨረሻ ልቅሶዋ ሲያሸንፋቸው አብረዋት መጡና ጫፉ ብረት የሆነ ጥቁር ጃንጥላቸውን ጉልበታቸው መሃል ተክለው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ።

"አስካለ፣ የዚችን ልጅ ራስ ብታበላሺብኝ ነገ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ቆሜ ስምሽን አነሣዋለሁ" አሉ።

እማዬ ቢጎዲኑን፣ ያንን ፀጉር መጠቅለያ፣ በጥርሷ እንደያዘች ነው የመለሰችላቸው። "ያንሡት እማሆይ። አምሮባት ሲያዩ ደግሞ ደጋግመው ያንሡት።"

ሴቶቹ ሳቁ። እማሆይ አልሳቁም። እኔ ትንሽ ብሆንም ገብቶኛል፤ በካህናት ቤት ሙሽራ ላይ አንድ ነገር ከደረሰ እማዬ ነገ በሯን የሚረግጥላት አይኖርም። የትርንጎ ደግሞ ሌላ ቀን የለውም፤ ነገ ብቻ ነው።

ቀኟ ደርቆ ገና "ተገልበጪ" ሳትባል ነው ሰማዩ የተሰነጠቀው። ማስጠንቀቂያ አልነበረውም። በረዶው ቆርቆሮውን እንደ ጠላት ይደበድበው ጀመር፤ አንዱ ለአንዱ የሚናገረው አይሰማም። ነፋሱ የበሩን መጋረጃ ገንጥሎ ወሰደው። ከመንገዱ ማዶ የነበረው ባሕር ዛፍ ከመካከሉ ተሰብሮ አጥሩ ላይ ሲጋደም አየሁ፤ ሲሰበር ድምፁ እንኳ አልተለየም። እማሆይ ተነሥተው አዛዥ ሆኑ። መስታወት ሸፍኑ አሉ፤ ፎጣው፣ ነጠላው፣ የአንዷ ደንበኛ ጋቢ ሳይቀር ሦስቱ ላይ ተጣለ። የመጨረሻውን በራሳቸው ነጠላ ሸፈኑት። መቀስ፣ ምላጭ፣ የብረት ማበጠሪያ ሁሉ በበሩ ወደ በረዶው ተወረወረ። ጃንጥላቸውን ግን አልጣሉም። እማዬ ቴሌቪዥኑን በሪሞት አጠፋችና ሪሞቱንም ሸፈነችው። ማንም እንዳይንቀሳቀስ ተባለ። ትርንጎ ካስኩ ሥር እንደተቀመጠች ቀረች፤ ካስኩ ደግሞ ሽቦው ግድግዳው ላይ እንደተሰካ ነው።

ከዚያ ነጭ ሆነ። ሁሉ ነገር፣ ግድግዳው፣ የሴቶቹ ፊት፣ የገዛ እጄ፣ ጥላ የሌለው ነጭ። ድምፁ በጆሮዬ ሳይሆን በጥርሴ የገባ መሰለኝ። ከመንገዱ ዳር ያለው ምሰሶ ነበር የተመታው፤ ሰማያዊ እሳት እየተፋ ሽቦው ወደ ጭቃው ሲገረፍ በበሩ ክፍተት ታየ። አምፖሉ ጠፋ፣ ካስኩ ዝም አለ። ከዚያ በረዶው እየሳሳ ሄደ። ነጎድጓዱ ወደ ዳባት በኩል እያጉረመረመ ወረደ። ሴቶቹ እርስ በርስ መዳሰስ ጀመሩ፤ ሁሉም ደህና ነው። እማሆይ አማተቡና መስታወቱ ባይሸፈን ይሄን ጊዜ አመድ ነበርን አሉ። ሁሉም አመነ። እማዬ ትርንጎን "ሙቀቱ እንዳይበርድ እዚያው ቆዪ" አለቻት። ያን ያህል ነበር ደስታችን፤ አደጋው ሄዷል፣ ጎረቤት ድረስ የሚሰማ እልልታ ተጀመረ።

መብራቱ የመጣው በእልልታው መሃል ነው። እልልታው ለእሱም ሆነ። ግን እንዴት እንደመጣ። አምፖሉ ቢጫ ሳይሆን እንደ ብየዳ ነጭ ሆነና ቱግ ብሎ ፈነዳ። የዘበኛው መርፌ እስከ ጥጉ ተገልብጦ እዚያው ቀረ፤ ከሆዱ ጢስ ወጣ። ካስኩ ሰምቼው የማላውቀውን ድምፅ፣ እንደ ተናደደ ንብ ያለ፣ እየቀጠነ እየቀጠነ የሚሄድ ድምፅ ማሰማት ጀመረ። እማዬ አልጮኸችም። ዘለለችና ሁለት እጇን በትርንጎ ግራ ፀጉር ውስጥ ከትታ፣ ቢጎዲኑንም ፀጉሩንም አንድ ላይ ጨብጣ፣ ሙሽራዋን ከወንበሩ ነቅላ መሬት ላይ ጣለቻት። ቢጎዲኖቹ እንደ ጠጠር ተበተኑ። ትርንጎ የጮኸችው ጩኸት አሁንም ይሰማኛል። እማሆይ ያዩት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ አስካለ አብዳ ልጃቸውን በፀጉሯ ስትጎትት። ጃንጥላውን በሁለት እጃቸው አንሥተው እማዬን ትከሻዋ ላይ አወረዱባት። አንድ ጊዜ። ሁለተኛውን ሲያነሡ ካስኩ ፈነዳ።

ክዳኑ ጣሪያውን መትቶ ተመለሰ። የቀለጠ ፕላስቲክ ተረጨ፤ አንዱ ጠብታ የትርንጎ ጆሮ ሥር አረፈ። ከሶኬቱ የወጣው ነበልባል ግድግዳውን ላሰውና ያቺን ምልክት ትቶ ጠፋ። ቴሌቪዥኑ በሪሞት እንደጠፋ፣ በዳንቴሉ ሥር፣ ጧ ብሎ ለሁለተኛ ጊዜ ጠፋ። ውጭ ሰፈሩ ሁሉ ይጮኻል፤ ከየቤቱ መስኮት ጢስ ይወጣል፣ የአንዱ ፍሪጅ፣ የአንዱ ሪሲቨር፣ ቻርጅ ላይ የተሰካ የገበሬ ስልክ ሁሉ። የትርንጎ ራስ የነበረበት ቦታ ላይ፣ በወንበሩ መደገፊያ፣ ፕላስቲኩ እየተንጠባጠበ ነበር። እማሆይ ጃንጥላውን እንዳነሡት ቀሩ። ወንበሩን አዩ፣ እማዬን አዩ፣ ደግሞ ወንበሩን አዩ። ቀስ ብለው አወረዱት።

"መስታወቱን ግለጡልኝ" አለች ትርንጎ ከመሬት።

ማንም አልደፈረም። እማሆይ ራሳቸው ሄደው ነጠላቸውን ከመስታወቱ ላይ ሳቡት። ትርንጎ ተነሥታ ቆመችና አየች። ቀኟ እንዳለመችው ነው፤ እየተጠቀለለ ትከሻዋ ላይ ይፈስሳል። ግራዋ ርጥብ፣ የተነጨ፣ ጫፉ የተለበለበ ነው። የተለበለበውን ጫፍ በጣቷ ስትይዘው ተፈረፈረ። ካስክ የለም፣ መብራት የለም፣ ነገ ሠርግ ነው። እማዬ ትከሻዋን ይዛ ቁጭ ብላ "ይቅር በይኝ ሆዴ" ከማለት በቀር የምታደርገው አጣች። የእማሆይ ቀን መጥቶ ነበር እንግዲህ። ሹሩባ ካሉ ሹሩባ ነው፤ ሙሉውን ራስ በአንድ ሰዓት ይሠሩታል፣ የሚከለክላቸውም የለም።

አግዳሚው ላይ ተቀመጡና "ነይ፣ ጉልበቴ ሥር ሁኚ" አሉ። ግራውን በጣታቸው ፈትተው፣ የተቃጠለውን በጥርሳቸው ቆርጠው፣ ሹሩባውን ቀጭን ቀጭን አድርገው ጎነጎኑት። መሃል መለያው ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ትርንጎ የቀረው እንዲቀጥል አንገቷን አዘነበለች። እማሆይ ግን እጃቸውን አነሡ።

"ቀኙ ያንቺ ነው። አልነካውም።"

እንግዲህ በማግስቱ ሙሽራዋ ግማሿ የአክስቷ ግማሿ የራሷ ሆና ወጣች። ሰው ሁሉ አፉን ከፈተ። የሳቀ ነበር፣ ያማ ነበር፤ ግን በሳምንቱ አንዲት የዳባት ልጅ በር ላይ ቆማ "እንደዚያችኛዋ ሙሽራ ሥሪልኝ" አለች። ስሙን "መብረቅ" አሉት። በዚያ ግንቦት ከደባርቅ እስከ ዳባት የሠርግ ሚዜ ሁሉ በግራ ሹሩባ በቀኝ ጥቅል ሆኖ ሲሄድ ታየ። እማዬ አዲስ ካስክ ያመጣችው በዚያው ፀጉር ነው። እማሆይ ስሟን ያነሡት ይሁን አይሁን አላውቅም፤ ይቅርታም አላሏትም። ጃንጥላቸውን ግን የዚያን ቀን ረስተው አልነበረም የሄዱት። እማዬ ይዛላቸው ስትሮጥ "ተይው፣ እዚያው ይሰቀል" አሏት። ነፍሳቸውን ይማር፣ አሁንም በሩ አጠገብ ተሰቅሏል።

ከዚያ ቀን ወዲህ እማዬ ሌላ ሰው ሆነች። ለእያንዳንዱ ሽቦ ግድግዳው ላይ ምስማር መታችለት። ተራራው ጫፍ ላይ ጥቁር ነገር ስታይ ካስኩን፣ በእጅ የሚያዘውን ማድረቂያ ፎኑን፣ ቴሌቪዥኑን ከሶኬት ትነቅልና በየምስማሩ ትሰቅላለች፤ የዲሹን ሽቦ ከሪሲቨሩ ጀርባ ፈትታ በመስኮት ታወጣዋለች፤ ዲሹ ራሱ ጣሪያ ላይ ተቀምጦ መብረቅን የሚጠራ እሱ ነው ትላለች። ስታብላይዘር ለሚዋዥቅ መብራት እንጂ ለመብረቅ ዘበኛ እንዳልሆነ ለሰፈሩ ሁሉ ሰብካለች። መብራት ሄዶ ሲመጣም አትሰካም፤ አምፖሉ መንቀጥቀጡን እስኪተው ትጠብቃለች። ደንበኞቿ "አስካለ ሰማይ ሲያስነጥስ ትነቅላለች" እያሉ ይቀልዱባታል፣ ግማሽ ራሳቸውን ይዘው እየጠበቁ። በመሃል ያለፈውን ክፉ ጊዜ፣ ተኩሱን፣ ቤቱን ዘግተን የከረምንበትን፣ እዚህ አላነሣውም። ስንመለስ ግን ሽቦዎቹ ሁሉ ምስማራቸው ላይ ነበሩ፤ እማዬ ከመውጣታችን በፊት ነቅላቸው ነበርና።

እና ባለፈው ቅዳሜ ትርንጎ ከግድግዳው ዘወር አለችና ነጠላዋን አወረደች። ሻሿን ፈታች። ፀጉሯ እዚህም እዚያም ሽበት ጣል አድርጎበታል። ወንበሩ ላይ ተቀመጠችና፣ ትናንት ያቋረጡትን ጨዋታ እንደምትቀጥል ሰው፣ "አስካለ፣ ግራውን ጨርሺልኝ" አለች።

እማዬ ውኃ አሞቀች፣ አጠበቻት፣ ቢጎዲን አወጣች። ግራውን ጠቅልላ ስትጨርስ ከገደሎቹ በኩል ያ የምናውቀው ድምፅ ተነሣ። እማዬ ወደ ምስማሮቿ ሄደች። ትርንጎ ማንም ሳይነግራት ተነሥታ ነጠላዋን መስታወቱ ላይ ጣለች። ሁለቱም ሥራቸውን ጨርሰው አግዳሚው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ እኔ ከመሃል ገባሁ። በረዶው መጣ፣ ቆርቆሮውን ደበደበ። ምሰሶው ጋ አንድ ነገር ጮኸ፣ መብራቱ ሄደ፣ ተመልሶ ሲመጣ እንደዚያን ቀን በኃይል ነበር። ጎረቤት አንድ ነገር ጧ ሲል ሰማን፣ ከዚያ የሴት ዋይታ። የእኛ ሽቦዎች ምስማራቸው ላይ ተንጠልጥለው ዝም አሉ።

አምፖሉ እስኪረጋ ጠበቅን። ነጎድጓዱ ወደ ዳባት ወረደ። እማዬ ተነሥታ ካስኩን ሰካችውና እጇን ሥሩ ዘርግታ ሙቀቱን ለካች። አዲሱ ካስክ በሁሉም ወገን ያሞቃል። ማበጠሪያዋን ይዛ ትርንጎ ራስ ላይ አጎነበሰች።

"ቀኙንስ?" አለቻት።

"ቀኙማ ያኔ አልቋል" አለች ትርንጎ፣ ካስኩ ሥር ገባችና ወንበሩን አዙራ ፊቷን ለግድግዳው ሰጠች።